ከዳላስ ይላክልኝ ወይስ መርካቶ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አያት አካባቢ በሚሠራ ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ ላይ ፎርማን ነኝ። ባለፈው ዓመት ብቻ ሦስት ራዲዮ ቀበርን። አንዱ ከሁለተኛ ፎቅ ወደቀ። ሁለቱ ዝም ብለው ዘጉ። ልጆቹ ደግሞ ራዲዮ ከሌለ፣ በተለይ የስፖርት ሰዓት ላይ፣ እጃቸው ይከብዳል። አሁን ዳላስ ያለው ወንድሜ ለሳይት ተብሎ የተሠራ፣ ዙሪያው ላስቲክ የለበሰ፣ የመሰርሰሪያ ባትሪ የሚገባበት ራዲዮ ልላክልህ ይለኛል። ልቀበል ወይስ እዚሁ ልግዛ?
ፎርማኑ፣ ከአያት

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሦስቱን ነፍስ ይማር። ከሳይት የመጣ ራዲዮ ለጥገና ሱቄ ሲገባ ሳልከፍተው አውቀዋለሁ። ነቅነቅ ሳደርገው አሸዋው ይንሿሿል። ወድቆ የተሰበረ ብዙም አይመጣልኝም። የሚጨርሳቸው የሲሚንቶ ብናኝ ነው። በስፒከሩ ወንፊት ይገባል፤ ብሎኬት ሲጠጣ የተረጨ ውሃ ሲያገኘው እዚያው ይጋገራል። የአንተም ሁለቱ ዝም ያሉት በዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ስትገዛ ዋቱን ተወው። ካርቶን ላይ የተጻፈ ዋት ማመን ካቆምኩ ቆየሁ። «አይፒ» የሚለውን ፈልግ። ከኋላው ሁለት አሃዝ አለ፤ የፊተኛው ስለ አቧራ፣ የኋለኛው ስለ ውሃ ነው። 54 ከሆነ ጉዳት የሚያደርስ አቧራ አያስገባም፣ የተረጨ ውሃም ይችላል። ለአንተ ይበቃል። 65 ከሆነ አቧራ ጭራሽ አይገባውም። ግን የቻርጀር ቀዳዳዋ ክዳን ከላላች ቁጥሩ ሁሉ ወሬ ነው። ሱቁ ውስጥ ቆመህ በጥፍርህ ከፍተህ ዝጋት። ካልገጠመች ገንዘብህን ይዘህ ውጣ።

ወደ ዳላሱ ልምጣ። ዲዋልትም ማኪታም እንዲህ ዓይነት ራዲዮ ይሠራሉ። ጠንካሮች ናቸው። ወንድምህ ግን ከመክፈሉ በፊት ቻርጀሩን ገልብጦ ያንብብልህ። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ እኛ 220። «100-240» ካለ ሰላም ነው። 120 ብቻ ካለ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል። ያለሱ ሰክተኸው ከጨሰ እኔ ጋ ለቅሶ ብቻ ነው የሚጠብቅህ።

ባትሪውም የዚያው ድርጅት መሆን አለበት፤ የአንዱ ለሌላው አይገባም። ሳይታችሁ ላይ ያለው መሰርሰሪያ የሌላ ድርጅት ከሆነ፣ ወይም በገመድ የሚሠራ ከሆነ፣ ባትሪና ቻርጀር ለብቻ ሊገዛልህ ነው። ሰው ይዞልህ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አይገባም።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገርህ። የአሜሪካ ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥራቸው ሁሌ ጎዶሎ ነው። ለዚያ ገበያ የተሠራ ዲጂታል ራዲዮም ብዙ ጊዜ በ0.2 እየዘለለ ነው የሚሄደው። ሸገር 102.1 እና ፋና 98.1 ይገኛሉ። ኢትዮ ኤፍ ኤም 107.8ን ግን ዘሎት ያልፋል፤ 107.7 ወይም 107.9 ላይ ቆመህ ስታጣራ ትውላለህ። አገር የሚመረጥበት ማስተካከያ ካለው ችግር የለም። ይጠይቅልህ።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ቻርጀሩ 220 ካልተቀበለ አላስልክም። መርካቶ ወርጄ እጀታ ያለው፣ ትልልቁ ባትሪ ድንጋይ የሚገባበት፣ ጣቢያው በእጅ እየዞረ የሚፈለግበት መካከለኛ መጠን ያለው ራዲዮ እገዛለሁ። በስልክ ባትሪ፣ በቢ ኤል 5 ሲ፣ የሚሠሩት ትንንሾቹም መጥፎ አይደሉም፤ ባትሪው የትም ይገኛል። ድምፃቸው ግን ሚክሰር ከተነሳ አይሰማም።

ደግሞ ቤዝመንት አስቀምጣችሁት አይሰማም አትበሉ። ሶሌታው፣ የፎቁ ኮንክሪት ወለል፣ ውስጥ ያለው የፌሮ ብረት ሞገዱን ያግደዋል። መስኮት በሚገባበት ክፍት ቦታ ላይ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። የኮንክሪት ሙሌት ቀን ራዲዮው ይዘጋ፤ ከላይ «ተጠንቀቅ!» ያለውን ሰው ካልሰማችሁ ራዲዮው ምን ያደርግላችኋል?

አንቴናው መሰበሩ አይቀርም። ያኔ ብረት አሳሪው ፌራዮ ጥቁር ሽቦ ቆርጦ ያስርበታል፣ አውቃለሁ። 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ካደረገው ይሠራል፣ አልክድም። ብቻ ጫፉን ይጠፍልኝ፤ ባለፈው አንዱን ራዲዮ ስጠግን እጄን ወግቶኛል።