የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ምርጫና የፕሮጀክት ወጪ

ጥያቄ፦ አራት ባለሙያዎች ያሉበትን ቡድን እመራለሁ። የመጋዘን ዕቃ የሚመዘግብና ደረሰኝ የሚያወጣ ሥርዓት ልንሠራ ነው። ሦስታችን በፓይተን ለዓመታት ሠርተናል፤ የሥራው ባለቤት ግን «ጎ» የተባለው ቋንቋ ፈጣን ስለሆነ ወጪ ይቀንሳል ብለው በእሱ እንድንጀምር ይፈልጋሉ። የቋንቋ ምርጫ በእርግጥ የሥራን ፍጥነትና ወጪን ይህን ያህል ይለውጣል?

መልስ፦ ይለውጣል፤ ሆኖም የሥራው ባለቤት «ፈጣን» የሚሉት ማሽኑን ሲሆን፣ እንደ እርስዎ ባለ ፕሮጀክት ትልቁ ወጪ የሰው ጊዜ ነው። የመጋዘን ሥርዓት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው የዳታቤዝ ምላሽ ለመጠበቅ ስለሆነ፣ ኮዱ ብዙ እጥፍ ቢፈጥን እንኳ ተጠቃሚው ልዩነቱን ላያስተውለው ይችላል። ከባድ ስሌት የሚሠራ ወይም በየሰከንዱ እጅግ ብዙ ጥያቄ የሚያስተናግድ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ በሆነ ነበር።

ተመራማሪው ሉትዝ ፕሬሼልት እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ለአንድ ዓይነት ሥራ በ7 ቋንቋዎች የተጻፉ 80 ያህል ፕሮግራሞችን አነጻጽረው ነበር። እንደ ፓይተንና ፐርል ባሉ ቋንቋዎች የጻፉት ሰዎች በሲ፣ በሲ ፕላስ ፕላስና በጃቫ ከጻፉት በግማሽ ያህል ጊዜ ጨርሰዋል። እንደ ፓይተን ባሉት ቋንቋዎች የጻፉት ሰዎች የሥራ ሰዓታቸውን የተናገሩት ራሳቸው ስለሆኑ ቁጥሩን በጥንቃቄ መውሰድ ይገባል። ለእኔ ግን ይበልጥ ክብደት ያለው ሌላው ግኝት ነው፤ በአንድ ቋንቋ በጻፉ ሰዎች መካከል የታየው ልዩነት በአብዛኛው በቋንቋዎቹ መካከል ከታየው ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ሦስት ሰዎች ያካበቱትን ልምድ መተው ራሱ ትልቅ ወጪ ነው። የአዲስ ቋንቋ ሰዋስው በጥቂት ሳምንታት ይለመዳል፤ የትኛው ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት የኮድ ስብስብ) እንደሚታመን፣ ስህተት ከየት እንደሚመነጭ ማወቅ ግን ጊዜ ይፈጃል። ለምሳሌ የፓይተን መደበኛ ላይብረሪ ሒሳብን ሳንቲም ሳያዛባ የሚያሰላ የአስርዮሽ ቁጥር ዓይነት ይዞ ይመጣል፤ በጎ ግን ለዚህ ሌላ ላይብረሪ መፈለግ ወይም ሁሉን በሳንቲም ቆጥሮ መያዝ ያስፈልጋል። ደረሰኝ ለሚያወጣ ሥርዓት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ይህ ማለት ፓይተን ወጪ የለውም ማለት አይደለም፤ ወጪው ዘግይቶ ይመጣል። ጎ ኮዱ ገና ሲገነባ የሚይዛቸውን የዓይነት ስህተቶች (ለምሳሌ ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ጽሑፍ መግባቱን) ፓይተን ፕሮግራሙ እስኪሠራ ድረስ ሊደብቃቸው ይችላል፤ ጸሐፊው ሥራውን ከለቀቀ በኋላ ኮዱን የሚያሻሽለው ሰው ዕዳውን ይከፍላል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ፓይተን የዓይነት ማብራሪያ፣ ማለትም አንድ ዋጋ ቁጥር ወይም ጽሑፍ መሆኑን በኮዱ ውስጥ መጻፍን ስለሚፈቅድ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማብራሪያውንና አውቶማቲክ ቴስቱን (ኮዱን በራሱ የሚፈትሸውን ፕሮግራም) ግዴታ ያድርጉ። የስሪት ለውጥንም በበጀትዎ ያስቡበት፤ ፓይተን 3 እ.ኤ.አ. በ2008 ቢወጣም ብዙ ድርጅቶች ነባሩን ኮድ ለማሸጋገር ሲደክሙ ቆይተው፣ የፓይተን 2 ድጋፍ የተቋረጠው በ2020 መግቢያ ላይ ነው።

ለሥራው ባለቤት በፓይተን እንዲጀመር ሐሳብ ያቅርቡላቸው፤ ሥርዓቱ ሥራ ላይ ውሎ የትኛው ክፍል እንደሚዘገይ በልኬት ሲታወቅ፣ ያን ክፍል ብቻ ለይቶ በጎ መጻፍ እንደሚቻልም ያስረዷቸው።