ኮምፕሬሰር ከመግዛትህ በፊት ጎሚስታ ፈልግ

ወንድማችን፣ በአውቶ ቦዲ ቀለም ደረጃ 3 ጨርሰህ ቅጥር ስላጣህ «የተፋቀ የአሉሚኒየም ቸርኬ እቤቴ እያደስኩ ብሠራስ? ባለኝ ብር ኮምፕሬሰር ልግዛ?» ብለህ ጠይቀሃል።

ሥራውን ጀምር፤ ኮምፕሬሰሩ ግን ይቆይ። አስቀድሞ የሚያስፈልግህ ጎሚስታ ነው። ጎማው ሳይወልቅ የቸርኬው ከንፈር በወጉ አይፈተግም፣ አይቀባም፤ ሲገጠምም ባላንስ መደረግ አለበት። ከሰፈርህ ጎሚስታ ጋር በቸርኬ ሂሳብ ተስማማ፤ ደንበኛም የሚመጣልህ በእሱ በኩል ነው። ከዚያ የመኪና ዕቃ መሸጫው ሶማሌ ተራ ሄደህ አንድ የተቧጨረ አሮጌ ቸርኬ ግዛና ሥራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተለማመድበት።

አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው ቀለም ከመረጨቱ በፊት ነው። መኪና እጥበት ቤት ጎማ የሚያጠቁሩበት ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ሲሊኮን አለው። ሳታስለቅቀው ብርጭቆ ወረቀት ካሳረፍክበት ጭረቱ ውስጥ ይገባል፤ በኋላ ቀለሙ በየቦታው ክብ ክብ እየሠራ ይሸሻል። ስለዚህ በሳሙና እጠብ፣ ቅባቱን አስለቅቅ፣ ከዚያ ፈትግ። የተፋቀውን ጠርዝ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አስተካክል። ስቱኮ ካስፈለገ በተፈተገ ንጹሕ ብረት ላይ በስሱ አድርገህ በ240 ጨርስ፤ የቀረውን አሮጌ ቀለም በ400 አደብዝዝ።

አሉሚኒየም እንደተፈተገ ወዲያው በዓይን የማይታይ ኦክሳይድ ይለብሳል፤ ተራ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ) የሚላጠው ለዚህ ነው። ኤፖክሲ ወይም ለአሉሚኒየም የተሠራውን ተጠቀም። አሲድ ያለበትን ፕራይመር ግን ከስቱኮ ሥር አታድርግ፤ ስቱኮው በደንብ አይጠነክርም።

ለመጀመሪያዎቹ ደንበኞች የጣሳ ስፕሬይ ይበቃሃል። ለአራት ባለ 16 ኢንች ቸርኬ ባለ 400 ሚሊ ሊትር ጣሳ 2 ፕራይመር፣ 2 ወይም 3 ቀለም፣ 2 ወይም 3 ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚረጭ ግልጽ ሽፋን) ያዝ። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርቀህ፣ በየ10 እስከ 15 ደቂቃው ስስ ስሱን ደርብ፤ አንዴ ካወፈርከው ይወርዳል። ክረምት ላይ ተጠንቀቅ፦ እርጥበት ክሊሩን ነጭ ጉም ያስመስለዋል። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ክሊር ቤንዚንና የፍሬን ማጽጃን ይቋቋማል፤ ነገር ግን አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ስላለው አስም ሊያስይዝ ይችላል፣ የጨርቅ ጭምብልም አያስቆመውም። ልጆች ባሉበት ግቢ ፈጽሞ አትርጨው። ማጠንከሪያ በሌለው ክሊር ስትሠራ ቤንዚን እንደሚያለሰልሰው ለደንበኛው አስቀድመህ ንገረው።

የብሎን መቀመጫዎቹንና ከሞዞው (ቸርኬው ከሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ጋር የሚገጥመውን የጀርባ ክፍል በቴፕ ሸፍን። እዚያ ላይ ቀለም ካለ በጭነት ይደቅና ብሎኑ ይላላል፤ ጎማ ነቅሎ የሚወጣው እንዲህ ነው። ደንበኛው ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሄዶ ብሎኖቹን በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) እንዲያስፈትሽ አስታውሰው።

የተሰነጠቀ፣ የተጣመመ ወይም የተበየደ ቸርኬ ከመጣ፣ የፈለገውን ያህል ቢከፍልህ አትቀበል። ስቱኮ ስንጥቅ ይደብቃል እንጂ አይጠግንም። ፊቱ በማሽን ተላጭቶ የሚያብረቀርቀውም በእጅ አይመለስም፤ ቶርኖ ይፈልጋል፣ ወይም ባለቤቱ ሙሉ ቀለም እንዲቀባ ይስማማ።

የብቃት ምዘና ካልወሰድክ በዚሁ ጎን ለጎን ተፈተን፤ ጋራዥ ቅጥር ሲያወጣ እሱን ሊጠይቅህ ይችላል። በየቸርኬው የፈጀውን ሰዓት፣ ጣሳና ብርጭቆ ወረቀት ደብተር ላይ ጻፍ። ለጣሳ ያወጣኸው ድምር የኮምፕሬሰሩን ዋጋ ሲጠጋ ያኔ ግዛው።