«ሥዕሉ ያማረ፣ ታሪኩ የሳሳ» ከማለታችሁ በፊት

ውድ ወጣት የፊልም ወዳጆች፤

ፊልም በማቀናበር ሥራ ብዙ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍላችሁ ያነሣሣኝ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት እንዳነብለት የሰጠኝ ጽሑፍ ነው። «ቫምፓየር ሀንተር ዲ፦ ብለድለስት» ስለተባለው የጃፓን የአኒሜሽን ፊልም የጻፈው ሲሆን፣ ፍርዱ በአንድ መስመር ያልቃል፦ ሥዕሉ ያማረ፣ ታሪኩ የሳሳ። ፍርዱ የራሱ አልነበረም፤ ፊልሙ ከወጣ ጀምሮ ተቺዎች ሲቀባበሉት የኖሩት ነው።

ተቺዎቹ ያለ ምክንያት አልተናገሩም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 በማድሀውስ ስቱዲዮ የተሠራውን ይህን አኒሜ ያዘጋጀው ዮሺያኪ ካዋጂሪ ሲሆን፣ መነሻው ከሂዴዩኪ ኪኩቺ ተከታታይ ልብ ወለዶች ሦስተኛው ነው፤ የገጸ ባሕርያቱም መልክ ዮሺታካ አማኖ ለመጻሕፍቱ ከሣላቸው ቀጫጭንና ረጃጅም ምስሎች የተቀዳ ነው። እንዲህ ያለውን መስመር ማንቀሳቀስ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ አስቡት፤ ካባው በተርገበገበ ቁጥር እጥፋቱ ሁሉ እንደ አዲስ መሣል አለበት። ምስጋናው በአብዛኛው ወደ ሥዕሉ ማዘንበሉ ስለዚህ አያስደንቅም። ወቀሳውም ቢሆን እውነት አለው፤ ደም መጣጩን ቫምፓየር ማየር ሊንክን የሚያጅቡት ጠባቂዎች በወጉ ሳንተዋወቃቸው ይሞታሉ፣ በመጨረሻው የቤተ መንግሥት ክፍልም ብዙ ነገር ታጭቆበታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሥዕልንና ታሪክን እንደ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች መመዘናችን ነው። ፊልሙ ሲጀምር የማየር ሊንክ ሠረገላ በሌሊት ወደ ከተማ ይገባል፤ በሚያልፍበትም መስቀሎቹ ይጣመማሉ። ማን እንደመጣና ምን ያህል ኃይል እንዳለው አንድ ቃል ሳይነገር ገብቶናል። ይህ ጌጥ አይደለም፤ ትረካው ራሱ ነው።

ከሁሉ በላይ እንድታስተውሉት የምፈልገው የላይላን ነገር ነው። ላይላ፣ ማየር ሊንክ ከቤቷ የወሰዳትን ወጣት ሻርሎትን ለማስመለስ ከተቀጠሩት አዳኞች አንዷ ናት፤ ግማሽ ሰው፣ ግማሽ ቫምፓየር የሆነው ዲ ደግሞ ለዚያው ሥራ የተቀጠረ ተፎካካሪዋ ነው። ፀሐይ አዳክማው ባረፈበት ጊዜ አብረው ይቀመጡና፣ ከሁለታችን አንዳችን ብንሞት የቀረው በመቃብሩ ላይ አበባ ያኑር ተባብለው ይስማማሉ። ላይላ የፈራችው ሞትን ሳይሆን የሚያለቅስላት ሰው ማጣትን ነበር። በፊልሙ መጨረሻ ዲ ከሩቅ ቆሞ ቀብሯን ሲመለከት፣ በዙሪያዋ ቤተሰብ አለ፤ የልጅ ልጇ ወደ እርሱ መጥታ ታነጋግረዋለች። የዲ ፊት ግን ያው ነው፤ አንዲት መስመር እንኳ አልተጨመረበትም። ያ ያልተለወጠ ፊት ከሕፃኗ ፊት አጠገብ ሲቀመጥ፣ በመካከል ያለፈው ዕድሜ ሁሉ፣ የእርሱም ብቸኝነት፣ በአንድ ጊዜ ይታያል። በእኔ ሙያ ከዚህ የበለጠ ቅንብር ጥቂት ነው ያየሁት።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ስለ ፊልም ስትጽፉ «ውብ ነው» የምትሉትን ውበት የት እንዳያችሁት ጻፉ፤ «ባዶ ነው» ስትሉም ባዶው የትኛው ትዕይንት እንደሆነ አሳዩን። ድምፁን ዘግታችሁ አንድ ጊዜ ተመልከቱት፤ ያኔ ሥዕሉ ብቻውን ምን እንደሚነግራችሁ፣ የት ላይ እንደሚጠፋባችሁም ታውቃላችሁ። የሌላ ሰው ፍርድ መጥቀስ ነውር የለውም፤ እንደ ራስ ዓይን አድርጎ ማቅረብ ግን ሥራውንም አንባቢውንም መበደል ነው።

ያን ወጣት የቀብሩን ትዕይንት ያለ ድምፅ ሦስት ጊዜ አሳየሁትና ጽሑፉን መለስሁለት። ከሳምንት በኋላ ያመጣው አዲሱ ጽሑፍ ወቀሳውን አልተወም፤ እንዲያውም የቤተ መንግሥቱን ክፍል ከቀድሞው ይልቅ አጥብቆ ይነቅፋል። የሚጀምረው ግን በዲ ፊት ነው።