ብረቱ ከመሰበሩ በፊት

ከሐዋሳ የጻፉልኝ አንባቢ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ከሞተር ወድቄ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰብሮ ብረት ገባልኝ። በሰባተኛው ወር ጄሪካን ሳነሳ ቀጭ አለ። ራጅ ስነሳ ብረቱ ለሁለት ተሰብሯል። ፎርጅድ ነው ማለት ነው? አስወጥቼው ልገላገል ወይስ በሌላ ይቀየርልኝ?»

ወንድሜ፣ ፎርጅድ በበዛበት ገበያ መጠርጠርዎ አይገርመኝም። ጉድለት ያለበት ብረትም አይጠፋም። እኔ ግን በሰባት ወሩ ብረት ከተሰበረ መጀመሪያ የምጠረጥረው አጥንቱን ነው።

ይህ ብረት ዕድሜ ልክ ሸክም እንዲችል አልተሠራም። አጥንቱ እስኪገጥም ደግፎ እንዲይዝ ነው። አጥንቱ ሲገጥም ሸክሙን ራሱ ይረከባል። ካልገጠመ ግን ልብስ በጨመቁ፣ የሞተሩን መሪ በጨበጡ ቁጥር ብረቱ ለዓይን በማይታይ መጠን ይተጣጠፋል። ስንጨብጥ አንጓው ላይ የሚያርፈው ጫና ደግሞ ከጨበጥንበት ኃይል ከእጥፍ በላይ ነው። ሽቦን ወዲያ ወዲህ ሲያጣጥፉት በስንተኛው ብጥስ ይላል? እንደዚያው ነው። ጄሪካኑ የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ተሰብሮ የወጣ ብረት እጄ ሲገባ መብራት ሥር አገላብጬ አየዋለሁ። ብረቱ ከአጥንቱ ጋር የሚታሰረው በቀዳዳዎቹ በሚገቡ ብሎኖች ነው። ብዙ ጊዜ ብረቱን ተሰብሮ የማገኘው ብሎን ባልገባበት ባዶ ቀዳዳ ላይ፣ ከአጥንቱ ስብራት ትይዩ ነው። እዚያ ጋ ከቀዳዳው ግራና ቀኝ የሚቀረው ብረት ትንሽ ነው፤ ጫናው ሁሉ እሱ ላይ ይወድቃል። የእኛ የሐኪሞችም እጅ አለበት። አንዳንዴ ቀጭን ብረት እንመርጣለን። አንዳንዴ የደቀቀው አጥንት የተወውን ክፍተት ሳንሞላ እንዘጋለን። ብረቱን ለማስተካከል ደጋግሞ ማጠፍም ያደክመዋል።

ስለዚህ «ብቻ ቀይሩልኝ» አይበሉ። አጥንቱ ካልገጠመ አዲሱም ብረት ያው ዕጣ ይደርሰዋል። መጀመሪያ ሲቲ ስካን ይነሱ፤ ራጅ ላይ የገጠመ የሚመስል አጥንት ሲቲ ላይ ክፍት ሆኖ ይገኛል። ኢንፌክሽን እንዳለ ለማወቅ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ስኳርዎንም ያስለኩ። ሲጋራ ካጨሱ ያቁሙ፤ አጥንት እንዳይገጥም ያደርጋል።

ካልገጠመ ብረቱ ይወጣል፣ የአጥንቱ ጫፍ ይጸዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዳሌ አጥንት ተወስዶ ክፍተቱ ይሞላል፣ ከዚያ ጠንከር ያለ ብረት ይገባል። ገጥሞ ከተገኘ ግን የተሰበረውን መተውም ይቻላል፤ ጅማት እስካልነካ ድረስ። አውራ ጣትዎን ሲያጥፉ የሚያንቋቋ ወይም የሚይዝ ነገር ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ብረቱ ጅማቱን እየሞረደው ሊሆን ይችላል፣ ከተበጠሰ ሌላ ጣጣ ነው።

እስከዚያ እጅዎን በድጋፍ ያሳርፉ፣ ምንም አያንሱ። ወጌሻ ጋ ሄደው እንዳይታሹ፤ የብረቱ ስለት ውስጥ ነው ያለው።

ሲመጡ የመጀመሪያውን ኦፕራሲዮን ወረቀት ይዘው ይምጡ። የብሎኑ አናት ኮከብ ይሁን ባለ ስድስት ማዕዘን አስቀድመን ካወቅን ትክክለኛውን መፍቻ እናዘጋጃለን። ሳናውቅ ገብተን አናቱ ከተላጠ፣ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ሥራ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ፎርጅድ ነው የሚለው ጥርጣሬ ካልወጣልዎት ደግሞ የሚወጣው ስባሪ እንዳይጣል አስቀድመው ይንገሩን፤ የተሰበረው ፊቱ በፒንሳ ሳይጨፈለቅ ነው የሚመረመረው።