ሆቴል፣ መጋዘን ወይስ ኮንዶሚኒየም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ካይሮ መኖር ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። በቀደም ጓደኞቼ የተኑራ ጭፈራ (ሰፊ ቀሚስ ለብሰው የሚሽከረከሩበትን) ሊያሳዩኝ አል አዝሃር አካባቢ «ወካለት አል ጉሪ» ወደሚባል አሮጌ ሕንፃ ወሰዱኝ። እኔ ግን ዓይኔ ሕንፃው ላይ ቀረ። ታች የመጋዘን በር፣ ላይ የመኖሪያ ቤት መስኮት። ድሮ ምን ነበር? ሆቴል ነው ወይስ ገበያ? (ሰ. ከካይሮ)

መልስ፦ እህቴ ሰ.፣ አልፈርድብሽም። እኔም የሄድኩ ለታ ጭፈራውን ትቼ አንገቴ እስኪደነዝዝ አንጋጥጬ ነው ያመሸሁት።

ሁሉንም ነበር። ያሠራው ያኔ ግብፅን ይገዙ ከነበሩት ከማምሉኮች ሱልጣኖች አንዱ፣ ቃንሱህ አል ጉሪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1504 እና 1505። «ወካላ» የኛው «ወኪል» እና «ውክልና» ዘመድ ነው። ነጋዴ ዕቃውን የሚያራግፍበት፣ የሚያስቀምጥበትና የሚሸጥበት ግቢ ማለት ነው። የሲራራ ነጋዴ የነበሩት አያቴ በመሸባቸው ሜዳ ላይ አራግፈው፣ ጭነቱን እንደ አጥር ከበው ነበር አሉ የሚያድሩት። የካይሮውን ነጋዴ ግን አጥሩ በድንጋይ ተሠርቶ ይጠብቀው ነበር።

ሕንፃው አምስት ደርብ ነው። ታችኞቹ ሁለቱ በቅስት የተደረደሩ የዕቃ ክፍሎች ናቸው። ከላይ ያሉት ሦስቱ፣ እነዚያ የእንጨት ፍርግርግ መስኮት ያላቸው፣ የኪራይ ቤቶች ነበሩ። አሠራሩ ደስ ይላል። አንዱ ቤት ሦስቱንም ደርብ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ደረጃው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ጎረቤት ከጎንሽ እንጂ ከራስሽ በላይ የለም። የዛሬ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይሄን ቢሰማ ይቀናል።

ኪራዩስ? ወካላው የወቅፍ ንብረት ነበር። ሱልጣኑ እዚያው ሰፈር ላሠራው መስጊድ፣ ትምህርት ቤትና መቃብር ገቢ እንዲሆን የተመደበ።

ጊዜው ግን ክፉ ነበር። የሕንድ ቅመም በቀይ ባሕር አድርጎ ካይሮ ይገባል፣ ከዚያ በእስክንድርያ በኩል ለቬኒስ ነጋዴዎች ይሸጣል። ግብፅ ቀረጡን ትበላለች። እ.ኤ.አ. በ1498 ቫስኮ ዳ ጋማ አፍሪካን ዞሮ ሕንድ ደረሰ። ፖርቱጋሎች ቁንዶ በርበሬውን ከምንጩ መጫን ጀመሩ። አል ጉሪ መርከብ ልኮ ቢገጥማቸውም በ1509 ሕንድ ጠረፍ ዲዩ ላይ ተሸነፈ። እንግዲህ አስቢው፣ ገበያው መንገድ እየቀየረ ሰውየው መጋዘን ያሠራል! የካይሮ ወካላዎች ግን በዚያው አልሞቱም። ኋላ የየመን ቡና መጣና መልሶ ሞላቸው።

አል ጉሪ ራሱ ይህን አላየም። በ1516 ሶርያ ውስጥ መርጅ ዳቢቅ ላይ ኦቶማኖችን ሲወጋ ሞተ፣ ሬሳውም አልተገኘም። ለራሱ ባሠራው መቃብር የተቀበረው ተከታዩ ቱማን ባይ ነው። እሱን ደግሞ ኦቶማኖች በ1517 ባብ ዙወይላ በር ላይ ሰቅለውታል።

ሌላ ቀን በጠዋት ሂጂ፣ ወንበሩ ሳይደረደር። ግቢው መሃል ያለችው ፏፏቴ አጠገብ ቁሚና ወደ ላይ እይ። ከዚያ ወደ አል ሙዒዝ ጎዳና ውጪ፣ መቃብሩ እዚያው ቅርብ ነው።