መልስ፦ ሰው ለምን ዕድሜውን ለሙዚቃ ይሰጣል?

ወንድሜ፣ «እንጀራ ካልሆነ ሰው ለምን ዕድሜውን ሙዚቃ ላይ ይጨርሳል?» ብለሃል። ለዝና ነው የሚሉህን ተዋቸው፤ ዝና የሚደርሰው ለስንቱ ነው?

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፣ ከዚሁ ልነሳ። ማሲንቆን እይ። ያለው 1 ክር ነው፤ እሱም የፈረስ ጭራ። ጣትህን የት እንደምታሳርፍ የሚያሳይ ምልክት የለውም። ክሩንም እንጨቱ ላይ አትጫነውም፣ በጎን ነካ ታደርገዋለህ እንጂ። ትንሽ ከሳትክ ባቲ የሚባለው ቅኝት (የዜማ ስልት) ባቲ መሆኑ ይቀራል። ጆሮህ ይቺን ስህተት መለየት ከጀመረ በኋላ እንቅልፍ የለም። ሰውን የሚይዘው በዋናነት ይሄ ይመስለኛል።

ደግሞ አድማጩ ዝም ብሎ አይቀመጥም። «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውራል፤ አዝማሪው እዚያው በዜማ ይመልሳል። መንዙማም ላይ መሪው ያወጣል፣ ሕዝቡ በጭብጨባ ይቀበላል። ይህን የቀመሰ በቀላሉ አይተውም።

አገሩም ራሱ ይጎትታል። ከ4ቱ ዋና ቅኝቶች ባቲና አምባሰል የእኛው የቦታ ስሞች ናቸው።

ስለ እንጀራው ግን እውነትህን ነው። ብዙዎቹ የሚኖሩት በሠርግና በሽልማት ነው። ልጄ ቢጠይቀኝ መጀመሪያ ሌላ ሙያ ያዝ እለዋለሁ፤ ማሲንቆውን ግን አልነጥቀውም።