ሊብሬው 1950 የሚል ቮልስ፦ ትክክለኛ ዓመቱን ከመኪናው ላይ ማንበብ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ የደብረ ብርሃን አንባቢ ከአባቱ የወረሰው ቮልስ ለዓመታት ከግቢ ቆሞ ኖሯል። ሊብሬው የተሠራበትን ዓመት 1950 ይላል። ደላላው «የ65 ነው» ብሎ ዋጋ ሰብሮበታል፤ ጎረቤቱ ደግሞ «ጣልያን ጥሎት የሄደ ነው» ይለዋል። የጻፈልን ምልክት፦ የኋላ መስታወቱ አንድ ወጥና ሰፊ ባለ አራት ማዕዘን፣ የፊቱ ጠፍጣፋ፣ የበሩ እጀታ ተጎትቶ የሚከፈት፣ ከበሩ ኋላ ባሉት ምሰሶዎች ላይ በስቱኮ የተደፈነ ቀጭን ቀዳዳ፣ የቤንዚን ጌጅ የሌለው፣ ዲናሞው በብሎን በታሰረ እግር ላይ የተቀመጠ። «ጋሼ፣ የማንን ልመን?» ይላል።

ወንድሜ፣ ሊብሬውን እመን፤ ግን በእኛ አቆጣጠር አንብበው። ከጻፍከው ምልክት ስነሳ ግምቴ ይህ ነው፦ መኪናህ በፈረንጅ የ1958 ሞዴል ነው፤ ሞተሩ ግን ከኋላ ዘመን መኪና ወጥቶ የገባ ነው። ደላላው ያየው ሞተሩን ነው። የጎረቤትህ ነገር አያስኬድም፤ ጣልያን ከአገራችን የወጣው በ1933 ሲሆን ቮልስ በብዛት መመረት የጀመረው በፈረንጅ 1945 መጨረሻ ላይ ነው። ከዚህ በታች «በእኛ» ካላልኩ ዓመቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው።

መጀመሪያ መስታወቱ። እስከ ማርች 1953 ድረስ የኋላው መስታወት በመካከሉ በብረት የተከፈለ ሁለት ትንንሽ ነበር። ከዚያ እስከ ጁላይ 1957 አንድ ሆኖ የእንቁላል ቅርጽ ያዘ። ያንተ ዓይነት ሰፊ ባለ አራት ማዕዘን የመጣው ከኦገስት 1957 ጀምሮ ነው። ስለዚህ መኪናው የፈረንጅ 1950 ሊሆን አይችልም። በሌላው ጫፍ፣ ተጎትቶ የሚከፈተው እጀታ በኦገስት 1959 ቀርቶ በአውራ ጣት የሚጫኑት ተተክቷል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቀሩት የ1958 እና የ1959 ሞዴል ብቻ ናቸው። ጌጅ አለመኖሩም ይስማማል፤ ጌጅ የገባው ለ1962 ሞዴል ነው። እግርህን አስገብተህ የቤንዚን ፔዳሉን ተመልከት፤ ከ1958 ሞዴል በፊት የነበረው ትንሽ ተሽከርካሪ ጎማ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ጠፍጣፋ ነው። የፊት መስታወቱም ጎበጥ ያለው በኦገስት 1964 ነው፤ ያንተ ጠፍጣፋ መሆኑ ብቻ የደላላውን 65 ይጥለዋል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበትን የዓመት ነገር ላስረዳህ፤ ይህን ሳይዙ ቮልስ የሚገዙም የሚሸጡም ብዙ ናቸው። ፋብሪካው ከ1955 ጀምሮ ሞዴሉን የሚቀይረው በጃንዋሪ ሳይሆን በኦገስት ነው። በጀርመን በጋ፣ በእኛ ክረምት ማለት ነው፤ ሠራተኛው እረፍት ወጥቶ ሲመለስ አዲሱ ሞዴል ይጀመራል። ስለዚህ በኦገስት 1957 ከፋብሪካ የወጣ መኪና «የ1958 ሞዴል» ይባላል፤ ካላንደሩ ገና 1957 ነው። ኦገስት 1 በእኛ ሐምሌ 25 ነው። እንግዲህ የ1958 ሞዴል የተመረተው በእኛ ከሐምሌ 25 ቀን 1949 እስከ ሐምሌ 24 ቀን 1950 ድረስ ነው፤ ከመጀመሪያው ወር ገደማ በቀር ሙሉ በሙሉ የእኛ 1950 ውስጥ ይወድቃል። የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጅ ስትመልስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ትደምራለህ። 1950 ላይ 7 ብትደምር 1957፣ 8 ብትደምር 1958። አንድ መኪና በዚህ ምክንያት ሦስት ትክክለኛ ዓመት ሊኖረው ይችላል፦ የተሠራበት 1957፣ ሞዴሉ 1958፣ በእኛ 1950። ሦስቱም እውነት ናቸው። በዚህ ላይ መርከብ ላይ የቆየበትና ታርጋ ያወጣበት ጊዜ ሲጨመር አራተኛም ሊመጣ ይችላል። አንዱ ጸሐፊ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ሲጽፍ ደግሞ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠራል። ዕቃ ስታዝ የሚጠቅምህ የሞዴሉ ዓመት ብቻ ነው፤ የ1957 ዕቃ ብለህ ብታዝ የእንቁላሉ መስታወት ጎማ ይመጣልሃል፣ አይገባም።

ግምት ግን ግምት ነው፤ የሚፈርደው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ያለው ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በመኪናው መካከል በሚያልፈው የሻንሲ ጉብታ ላይ፣ የማርሽ ዘንጉን መገጣጠሚያ ከምትሸፍነው ትንሽ ላሜራ አጠገብ ነው። መቀመጫው በብሎን አልታሰረም፤ የፊቱን ጠርዝ ይዘህ ወደ ላይ ስታነሳው ይወጣል።

እዚህ ላይ ቆም በል። የቮልስ ባትሪ ያለው እዚያው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ነው። የመቀመጫው ሥር የብረት ሞላ ነው፣ ሞላው ላይ ያለው ጭረት (የቃጫ ሙሌት) የሚቀጣጠል ነው። ሞላው የባትሪውን ፖዘቲቭ ሲነካ ይግላል፣ ጭረቱ ይያዛል፣ መኪናው ከነወንበሩ ይቃጠላል። ስለዚህ መቀመጫውን ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ አንሳ እንጂ በባትሪው ላይ አታንሸራትተው። ከዚያ መጀመሪያ ከቦዲው ጋር የታሰረውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን፣ ከዚያ ባትሪውን ከመኪናው አውጣው።

ቁጥሩ ባለበት ቦታ ላይ ያለውን ጥቁር ቅባትና አፈር በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ አለስልስ፤ ቤንዚን አትጠቀም። ከዚያ በናስ ብሩሽ ቀስ ብለህ አጽዳ። ግራይንደር ወይም ሻካራ ሸራ አታስነካው፤ የተመታው ቁጥር ጥልቀቱ ትንሽ ነው፣ አንዴ ከተፋቀ መንገድ ትራንስፖርት ፊት ማስረጃ የለህም። ሲደርቅ ስስ ወረቀት አስተኝተህ እርሳስ በጎኑ ብትፈትግበት ዓይን ያላየው ቁጥር ወረቀቱ ላይ ይወጣል።

ከ1 600 440 እስከ 2 007 615 ከሆነ የ1958 ሞዴል ነው፤ ከ2 007 616 እስከ 2 528 667 ከሆነ 1959። ከ1 246 619 ጀምሮ ከ1 600 440 በታች ከወጣ ሻንሲው የ1957 ነው፣ ቦዲው ከሌላ መኪና መጥቷል ማለት ነው። ደላላው እንዳለው 1965 ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ዘጠኝ አኃዝ ሆኖ በ115 ይጀምር ነበር።

ቦዲው ከሌላ ሊመጣ የሚችለው የቮልስ ቦዲ ከሻንሲው ጋር በብሎን ብቻ ስለሚያያዝ ነው፤ ዙሪያውን ፈትቶ አንስቶ ሌላ ላይ ማስቀመጥ የጋራዥ ሥራ ነው። ይህን ለማጣራት የፊቱን ኮፈን ክፈት፣ ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) አውጣ፣ ከኋላው ያለውን የፋብሪካ ሰሌዳ አንብብ። ሰሌዳው በቦዲው ላይ ነው፤ ከሻንሲው ቁጥር ጋር ከተስማማ ሁለቱ አብረው ተወልደዋል። ሰሌዳው በፋብሪካ ሪቬት ፈንታ በተራ ብሎን ታስሮ ካገኘኸው ብዙ አትመነው። በቁጥሩ ዙሪያ የብየዳ መስመር ካየህ ደግሞ ምንም ሳትነካ ወደ መንገድ ትራንስፖርት ሂድ። «ቁጥሩን ላድስልህ» ብሎ መምቻ ለሚያነሳ ሰው መኪናህን አትስጥ።

ሞተሩ። በዚያ ዘመን የነበረው 30 ፈረስ ጉልበት ሞተር የዲናሞው እግር ከሞተሩ አካል ጋር አብሮ የተቀለጠ ነው፤ አይፈታም። እግሩ በብሎን የሚታሰረው ከኦገስት 1960 ጀምሮ በመጣው 34 ፈረስ ጉልበት ሞተር ነው። ከእግሩ ሥር የተመታውን ቁጥር አንብብ፤ በ«ዲ» ፊደል ከጀመረ ከኦገስት 1965 ወዲህ የመጣ 1200 ነው፣ «ኤፍ» 1300፣ «ኤች» 1500። ለደብረ ብርሃን ብርድና ለጣርማ በር ዳገት ይህ ሞተር ከፊተኛው ይሻላል፤ ስለዚህ አውጥተህ አትጣለው። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ከእሱ ጋር መስማማቱን ብቻ አረጋግጥ። ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑ) ተቀይሮ እንደሆነ ከሥር ገብተህ እይ፤ በመካከሉ ርዝመቱን የሚከፍል መጋጠሚያ ካለው የፊተኛው ነው፣ አንድ ወጥ ከሆነ ከኦገስት 1960 ወዲህ ነው።

ምሰሶው ላይ የተደፈኑት ቀዳዳዎች እንደ ክንድ ብቅ የሚሉት የድሮ ፍሬቻዎች ቤት ናቸው። እነሱን አውጥቶ በስቱኮ መድፈን እጅግ የከፋ ሥራ ነው፤ የቀዳዳው ሆድ ባዶ ስለሆነ ስቱኮው ይሰነጠቃል፣ ውሃው ወደ ምሰሶው ሥር ይወርዳል፣ ከውስጥ ይበላዋል። በካቻቢቴ ጫፍ ስቱኮውን አንሳና የምሰሶውን ግርጌ በቡጢ እየመታህ አዳምጥ፤ ድምፁ የደነቆረበት በዝገትና በስቱኮ የተሞላ ነው። ቤቱን አጽድተህ፣ ጸረ ዝገት ቀብተህ ክፍቱን ተወው፤ ክንዱ ሲገኝ ይገባል። ለመንገድ ግን አምፖል ያለውን ፍሬቻ አታንሳ፤ ከኋላህ የሚመጣ ሾፌር ክንዷን አያውቃትም።

ሥራህን ስትጨርስ ባትሪውን ከመመለስህ በፊት ዓይነቱን እይ። መኪናው ሲመጣ 6 ቮልት ነበር። አሁን በየሱቁ ያለው ርካሽ 12 ቮልት ከፍታው ስለሚበልጥ ፖዘቲቩ ከሞላው ጋር ሊገናኝ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ የሚገጥሙትም ክዳኑን «አይገባም» ብለው ይጥሉታል። ቁመቱ አጭር የሆነውን ፈልግ፣ በመያዣው አጥብቀህ እሰር፣ ክዳን ከሌለው ፖዘቲቩንና የባትሪውን አናት ሙሉ በወፍራም ጎማ ሸፍነህ እሰረው። ጨርቅ ወይም ካርቶን አይሆንም። ስታስር ፖዘቲቩ ይቀድማል፣ ኔጌቲቩ መጨረሻ ነው። ከዚያ መቀመጫውን መልስና ሰው አስቀምጠህ ሞላው ሲረግጥ ከባትሪው ጋር ቢያንስ ሁለት ጣት ክፍተት መቅረቱን በጎን አይተህ አረጋግጥ። ያን ያህል ክፍተት ከሌለ ያ ባትሪ ለዚህ መኪና አይሆንም፤ መልሰህ አውጣው።